መሐንዲሱ ኢልግና የምድር ባቡሩ ውል

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና መርሳን ከለቀቀ በኋላ ሲሪንቃን ያገኛል። ይህን ጎዳና ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙባቸው ዓመታት፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአዲስ አበባ እስከ አሥመራ ሲዘረጉት ለራሳቸው ጦርና ለራሳቸው ንግድ ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሀብሩ ገበሬ ጤፉንና ማሽላውን፣ ተማሪውም መጽሐፉን ይዞ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በስተምሥራቅ ባለው ቆላ በኩል ደግሞ ሌላ መሥመር መጥቷል። ይኸውም ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ርዝመቱ 392 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የምድር ባቡር ሐዲድ ነው። ያፒ መርኬዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ሥራውን በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። ነገር ግን ባቡሩ መደበኛ አገልግሎት መስጠት ሳይጀምር በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ገባና ከንብረቱ ብዙው ተዘረፈ፣ ተሰባበረም።

በሲሪንቃም ሆነ በመርሳ ሰዎች ሲገናኙ የሚጠያየቁት ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ የሚቀድም አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሐዲዱን የሚያዝዝበት ማን ነው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ መሐንዲስ ዕድሜውን ሰጥቶበት፣ ሳይፈታው ሞቷል። የዚህ ሰው ስም አልፍሬድ ኢልግ ነው። አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ ይሉት ነበር። ዛሬ ሕይወቱን በአጭሩ ለመተረክ የተነሣነው ሰውዬውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ታሪክ ለእኛ ዘመን የሚሆን ትምህርት ስለሚገኝ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ኢልግ በስዊዘርላንድ አገር፣ ቱርጋው በሚባለው ክፍል፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ በመጋቢት 1846 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ እጁን በብረት ሥራ ካፍታታ በኋላ ወደ ዙሪክ ሄዶ በታወቀው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የምህንድስናን ትምህርት ተማረ።

ያን ጊዜ ስዊዘርላንድ እንደ ዛሬው ባለጠጋ አልነበረችም። ባሕር የላትም፤ ከምድሯም እጅግ የሚበዛው ተራራ ነው። በዚህ ረገድ ከእኛ አገር ጋር ትመሳሰላለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሆኖም አልፍሬድ ኤሸር የሚባል አንድ የዙሪክ ፖለቲከኛ አገሩ ያለ ምድር ባቡር ከአውሮፓ መካከል ተነጥላ እንደምትቀር ተረድቶ ነበር። ስለዚህም ሁለት ነገሮች እንዲቋቋሙ ደከመ። አንደኛው ኢልግ የተማረበት የዙሪክ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለሐዲድ ሥራ ገንዘብ የሚያቀርብ ባንክ ሲሆን፣ እርሱም በኋላ ክሬዲ ስዊስ እየተባለ በዓለም የታወቀው ነው። ትምህርት ቤቱም ባንኩም ሥራ የጀመሩት በዚያው በ1848 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሱን ትምህርት ቤቱ አወጣ፤ ገንዘቡን ባንኩ አወጣ። 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን የጎታርድ ዋሻ ፈልፍሎ በአልፕስ ተራራ ሥር ያለፈውና በ1874 ዓ.ም. የተከፈተው መሥመር ከዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ የተወለደ ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያን ዘመን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማስገባት ብርቱ ፍላጎት ስለ ነበራቸው፣ በኤደን በሚነግድ በአንድ የስዊስ ንግድ ቤት በኩል መሐንዲስ እንዲላክላቸው ጠየቁ። ዕጣው ለኢልግ ደረሰ። የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ሳለ ሁለት የእጅ ሠራተኞች አስከትሎ ጉዞ ጀመረ፤ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገባ።

ንጉሡ ግን ባለሙያ ነኝ ያለውን ሁሉ ሳይፈትኑ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። እንደሚተረከው መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር። ኢልግ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ እንዳልሆነ ቢያውቅም ትእዛዙን ሳይንቅ ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ እንዲሠራ ታዘዘ። ይህንንም ከብዙ ድካም በኋላ አደረሰ፤ ነገር ግን አንዱን ጠመንጃ በእጅ ለመሥራት የወጣው ጊዜና ጉልበት ከውጭ ከሚገዛው እጅግ የበለጠ መሆኑን ንጉሡ ራሳቸው አዩ። እንዲህ እያለ መተማመን መጣ። ኢልግ አማርኛ ተማረ፤ የአገሩንም ልማድ አወቀ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም ብሎ ይከራከር የነበረ ሰው ሁሉ፣ ውሃው ሸለቆውን ተሻግሮ በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ሲፈስ ባየ ጊዜ እጅግ ተደነቀ ይባላል።

ከሁሉ ይልቅ ኢልግን ያሳስበው የነበረው ግን የባሕር በር መንገድ ነው። በጊዜው ከጠረፍ ወደ ሸዋ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በግመል ተጭኖ የአፋርን ወይም የሶማሌን በረሃ ማቋረጥ ነበረበት። የዚህን ጉዞ ጭንቅ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቀድሞ ገጣሚ የነበረው፣ ኋላ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ ተነሥቶ አንኮበር የደረሰው ከአራት ወር ያህል ጉዞ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ራምቦና ኢልግ በኋላ ወዳጆች ሆነው በሐረርና በሸዋ መካከል ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። አንድ የብረት ቱቦ፣ አንድ የመኪና ዕቃ፣ አንድ ሣጥን መጽሐፍ እንኳ በግመል ጀርባ ሊጫን በሚችል መጠን ተቆርጦ ካልሆነ አገር ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። የአንድ አገር ሥልጣኔ በግመል ጭነት ልክ ተወሰነ ማለት ነው።

ስለዚህ ኢልግ የምድር ባቡርን አሳብ ገና በጠዋቱ ለንጉሡ አቀረበ። ባቡር ምን እንደሚመስል ለማስረዳትም ትንሽ ምሳሌ አበጅቶ አሳይቷቸዋል። ዳሩ ግን ምኒልክ በንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ሥር ያሉ ንጉሥ በመሆናቸው እንዲህ ያለውን ከባድ ነገር ብቻቸውን ሊወስኑ አልቻሉም። አሳቡ ዓመታት ጠበቀ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከጫኑ በኋላ ነው ነገሩ እንደ ገና የተነሣው።

በየካቲት 1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ስለ ምድር ባቡሩ ጥናት እንዲደረግ ለኢልግ ፈቀዱ። በተከታዩ ዓመት፣ በመጋቢት መባቻ 1886፣ ዋናውን ውል ሰጡት። ውሉ ሦስት መሥመሮችን ያቀፈ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ነው። ጊዜውም 99 ዓመት ነበር። ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ ሽቦም እንዲዘረጋ ተወስኗል። በዚያው ሰሞን ኢልግ የኢትዮጵያ ቴምብርና ገንዘብ በፓሪስ ተዘጋጅተው እንዲመጡ በማድረግ ሥራ ውስጥም ነበረበት። ፖስታ፣ ገንዘብ፣ ሽቦ፣ ሐዲድ፤ የአንድ ዘመናዊ መንግሥት መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የታሰቡበት ወራት ነበር ለማለት ይቻላል።

የእነዚህን መሥመሮች አቅጣጫ ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል፤ ሁሉም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ናቸው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ወሎ፣ ወደ የጁና ወደ ትግሬ የሚል መሥመር በውሉ ውስጥ የለም። ውሉ ከተሰጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የኢትዮጵያ ጦር በወሎ በኩል አልፎ ዐድዋ የደረሰው በእግሩና በበቅሎው ነው። የዘመቻው ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመባት ውጫሌም ከመርሳ ወደ ደቡብ ያለች፣ ለሲሪንቃ ሰው ጎረቤት የሆነች አገር ናት። ወደ ሰሜን የሚዘልቅ ሐዲድ በዚህ ምድር ላይ እስኪጀመር ድረስ ከኢልግ ውል በኋላ 121 ዓመት ማለፍ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ንጉሠ ነገሥቱ ለኢልግ የሰጡት ፈቃድ፣ መሬትና ሥልጣን ነው። ለሥራው የሚያስፈልገውን ገንዘብ ግን መፈለግ የነበረበት ኩባንያው ነበር። በአዲስ አበባ ባንክ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ የተከፈተው ከዚያ በኋላ፣ በ1898 ዓ.ም. ነው። ኢልግ ከዙሪክ ይዞ የመጣው የኤሸርን ትምህርት ቤት ነበር፤ የኤሸር ባንክ ግን አልተከተለውም። ስለዚህ ሊዮን ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያውን በፓሪስ አቋቋመ። የኩባንያው ስም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ምድር ባቡር የሚል ቢሆንም፣ መቀመጫው ፓሪስ፣ ገንዘቡም የፈረንሳይ ሰዎች ገንዘብ ነበር። ሐዲዱ የሚነሣበት የጅቡቲ ምድርም በፈረንሳይ እጅ ስለ ነበረ፣ ያለ ፈረንሳይ መንግሥት ፈቃድ አንድ ክንድ ብረት መትከል አይቻልም ነበር።

በመጋቢት 1889 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ኢልግን የመንግሥት አማካሪ አድርገው ሾሙት። ከዚህ በኋላ ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር የሚደረገው ንግግር ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፍ ጀመር። እዚህ ላይ ግን የሰውዬውን ደካማ ጎን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። ኢልግ በአንድ በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ፣ በሌላ በኩል ከዚሁ መንግሥት ጋር የተዋዋለው ኩባንያ መሥራች ነበር። የሁለቱ ጥቅም አንድ በሆነበት ቀን ችግር የለም። የተለያየ ዕለት ግን አንድ ሰው ሁለቱን ወንበር ሊቀመጥባቸው አይችልም።

የሐዲዱ ሥራ በጥቅምት 1890 ዓ.ም. በጅቡቲ ተጀመረ። በሐዲዱ ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ፤ ይህም ጠባቡና ርካሹ ዓይነት ነው። በረሃው ውሃ የሌለው፣ ሙቀቱም የሚያቃጥል ነበር። በሸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ከፍ ያሉ የብረት ድልድዮች መሠራት ነበረባቸው። በግመል ኪራይ የሚተዳደሩት የአገሩ ጎሣዎች ሐዲዱ እንጀራቸውን የሚነጥቅ ጠላት ሆኖ ስለ ታያቸው፣ በሠራተኞቹ ላይ በየጊዜው አደጋ ይጥሉ ነበር። ይህን እንደ አረመኔነት ብቻ የሚጽፉ አሉ። ነገር ግን የባቡሩን ዕቅድ ያወጣ ሰው፣ በባቡሩ ምክንያት ሥራውን የሚያጣው ባለ ግመል ነገ ምን በልቶ ያድራል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። አሳቢ የሌለው ባለ ግመል መንገዱን ቢዘጋ አይፈረድበትም።

በውሉ መሠረት ሐዲዱ ሐረር መግባት ነበረበት። ዳሩ ግን ከቆላው ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መሥመሩ ከተራራው ሥር እንዲያልፍ ተደረገ። በዚያ ባዶ ሜዳ ላይ አዲስ ሐረር የተባለች ከተማ በቀለች፤ ዛሬ ድሬ ዳዋ የምትባለው ናት። ከጥንት ጀምራ የምሥራቁ ንግድ እናት የነበረችው ሐረር ወደ ጎን ቀረች። የእኛንም አገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም፤ ወልድያ ደጋው ላይ ሆና የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ቆላው ላይ በሐራ ገበያ መሆኑን ያስተውሏል። ሐዲድ ዳገት አይወድም። መሐንዲስ በካርታ ላይ የሚያሰምራት አንዲት መሥመር አንዱን ከተማ ስታሳድግ ሌላውን ታደርቃለች።

ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። ቀኑ የደስታ ቀን መሆን ይገባው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ደስ አላላቸውም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኩባንያው ገንዘብ ሥራው ሳያልቅ አለቀ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ ባለገንዘቦች በኩባንያው ውስጥ ድርሻ መግዛት ጀመሩ። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን ባየ ጊዜ ሐዲዱ ከእጄ ሊወጣ ነው ብሎ ፈራና በጥር 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር አዲስ ውል ተዋዋለ። በዚህ ውል ለኩባንያው በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በለውጡም ኩባንያውን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ሐዲዱ ያለበት ምድር ባለቤት የሆኑት የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት በዚህ ውል ውስጥ አልተጠየቁም፤ አልፈረሙምም። ለአንድ ተገዥ ግለሰብ የሰጡት ፈቃድ ዞሮ በአንድ ኃያል መንግሥት ኪስ ውስጥ ተገኘ።

በዚያው ወራት ኢልግ በተወለደበት አገር ምን እየሆነ ነበር? በየካቲት 1890 ዓ.ም. የስዊስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ዋና ዋናዎቹ የግል ምድር ባቡሮች ተገዝተው የመንግሥት እንዲሆኑ ወሰነ። የስዊስ መንግሥት ምድር ባቡር ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የቀኑን ግጥምጥም ልብ እንበል። ስዊዘርላንድ ሐዲዷን በእጇ ካስገባች ከአንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አንድ የስዊስ ሰው የነደፈው የኢትዮጵያ ሐዲድ በሌላ መንግሥት እጅ ገባ። ልዩነቱ ከመሐንዲሱ ችሎታ የመጣ አይደለም፤ መሐንዲሶቹ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ስዊሶች ባንክ፣ ምክር ቤትና የተማረ የሒሳብ ሰው ነበራቸው፤ ምኒልክ አንድ ኢልግ ነበራቸው።

ዐፄ ምኒልክ ያላቸውን አንድ መሣሪያ አወጡ፤ ሐዲዱ ከድሬ ዳዋ ወደ ውስጥ እንዲቀጥል አልፈቅድም አሉ። ሥራው ለዓመታት ቆመ። ኩባንያውም በ1899 ዓ.ም. ከሠረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ተሰብስበው ስለ ኢትዮጵያ የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ፤ የምድር ባቡሩንም መሥመሮች ለየራሳቸው ተከፋፈሉ። ኢትዮጵያ በዚህም ጉባኤ አልተገኘችም።

ኢልግ ከሁለት እሳት መካከል ገባ። ፈረንሳዮች ለእኛ በቂ አልደከመም ብለው ሲያሙት፣ ሌሎቹ ደግሞ የፈረንሳይ ሰው ነው ይሉት ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በ1899 ዓ.ም. አካባቢ ሹመቱን ትቶ፣ በ1887 ዓ.ም. ካገባት ከባለቤቱ ከፋኒ ጋቲከር ጋር ኑሮውን በዙሪክ አደረገ። ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የእጅ ሥራዎችና ፎቶግራፎች እስከ ዛሬ በዙሪክ ይገኛሉ።

በጥር 1900 ዓ.ም. የምኒልክ ሐኪም ለነበረው ለዶክተር ቪታልየን በስሙ አዲስ ፈቃድ ተሰጠና አዲሱ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ። ሥራው እንደ ገና ቀጠለ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ኢልግም በታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ በመሆኑ በኢትዮጵያ ያን ዕለት የገና በዓል ነበር። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ውሉን የሰጡት ንጉሠ ነገሥትም፣ ውሉን የተቀበለው መሐንዲስም ባቡሩ ዋና ከተማው ሲገባ አላዩም።

ባቡሩ ያመጣው ጥቅም በቀላሉ የሚገመት አይደለም። ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ጉዞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ድሬ ዳዋና አዋሽ ላይ እየታደረ፣ በሦስት ቀን ያልቅ ጀመር። የቡናና የቆዳ ንግድ ሰፋ። በመንገዱ ዳር ከተሞች ተወለዱ። ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ አለቆቹም ፈረንሳዮች ነበሩ። ለገሃር የምንለው ስም ራሱ ጣቢያ የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ኢትዮጵያዊው ሐዲዱን ተሸክሞ ተከለ፤ ፍም ማገደ፤ ዕቃ አወረደ። ሒሳቡን ለማየትና መሥመሩን ለማዘዝ ግን ብዙ ዘመን ፈጀበት።

የኢልግ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ የድሮ ተረት ብለን ባለፍነው ነበር። ዳሩ ግን በራሳችን ዘመን የተሠሩትን እንመልከት። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ሁለት መሥመሮች አሉት፤ ርዝመታቸው በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ወጣበት፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው። የሠራው የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቅሱት የነበሩትም ቻይናውያን ናቸው። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት። ዓመታት ሳይቆይ ብዙዎቹ መለዋወጫ እየታጣላቸው ቆሙ። ከተሜው ባቡሩን ወድዶታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ብር ለጥገናው አይበቃም፤ መለዋወጫው ደግሞ በዶላር እንጂ በብር አይገዛም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ሐዲዱን፣ ድልድዩንና ጣቢያውን በጥንቃቄ ነድፈዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የተሰበረውን ጎማ በምን ገንዘብ፣ በማን እጅ እንቀይራለን የሚለው ግን በንድፉ ላይ አልተሣለም።

በሀብሩ ቆላ ያለፈውም መሥመር ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለአዋሽና ሐራ ገበያ ሐዲድ ብድር ካሰባሰቡት መካከል ዋነኛው ክሬዲ ስዊስ ነው፤ ያ በ1848 ዓ.ም. ኤሸር ለስዊስ ምድር ባቡር ብሎ ያቋቋመው የዙሪክ ባንክ። ኢልግን ሳይከተለው የቀረው ባንክ ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ ወደ ወሎ መጣ፤ የመጣው ግን አበዳሪ ሆኖ ነው። ባንኩ ራሱ በ2015 ዓ.ም. በሌላ የስዊስ ባንክ ተውጦ ስሙ ጠፍቷል። ዕዳው ግን ከባንኩ ስም ጋር አይጠፋም። ባቡር የተጓዘበትም ያልተጓዘበትም ሐዲድ ዕዳው አንድ ነው።

ከዚህ የተነሣ ከውጭ መበደር ክፉ ነው፣ የውጭ መሐንዲስም አያስፈልገንም የምንል አይምሰላችሁ። ስዊሶችም ለጎታርድ ዋሻ ከጀርመንና ከኢጣልያ ገንዘብ ተቀብለዋል። ምኒልክም ኢልግን ባይጠሩ ኖሮ የውሃው ቧንቧ፣ ድልድዩና ሐዲዱ በዚያ ዘመን ባልመጡም ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ስዊሶች ገንዘቡን ሲቀበሉ ውሉን የሚያነብ፣ ሒሳቡን የሚመረምር፣ ብልሽቱን የሚጠግን የራሳቸው ሰው በየደረጃው አስቀምጠው ነበር። ምኒልክ ብልህና ጠንቃቃ መሪ ሳሉ ያጡት ይህን ነው። ለዚህም የተበደሉት በማስተዋል ማነስ አይደለም፤ በጊዜው በአገሩ ውስጥ መንግሥት የከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው። የመጀመሪያው፣ በስማቸው የተሰየመው ትምህርት ቤት የተከፈተው የ1894ቱ ውል ከተፈረመ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

እኛ ይህን ምክንያት ማቅረብ አንችልም። ከሲሪንቃና ከመርሳ ልጆች መካከል ዛሬ ምህንድስና፣ ሕግና ሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። የፈረሰው የሐራ ገበያ መሥመር አንድ ቀን መጠገኑ፣ ሌላም መሥመር መታቀዱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሕጉ ተማሪ ውሉ ከማን ጋር እንደ ተደረገና ባለ ውሉ ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችል እንደ ሆነ ይጠይቅ፤ የ1886ቱ ውል ያመለጠው በዚህ በር ነው። የሒሳቡ ተማሪ የትኬቱ ገቢ ጥገናውን ይሸፍን እንደ ሆነና ዶላሩ ከየት እንደሚመጣ ያስላ። መሐንዲሱ መሥመሩ የትኛውን ከተማ እንደሚተው፣ መለዋወጫው በኮምቦልቻ ሊሠራ ይችል እንደ ሆነ ይመርምር። የእርሻው ተማሪም በሐዲዱ ምክንያት መሬቱን የለቀቀው ገበሬ፣ የጭነት ሥራው የሚቀርበት ባለ ጋሪ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሳስብ።

ኢልግ እነዚህን አራት ሥራዎች ብቻውን ለመሥራት ሞከረ። ጎበዝ ሰው ነበር፤ አገራችንንም ይወድ ነበር። አንድ ሰው ግን ለአራት አይበቃም።